ከምዝገባ በፊት፦ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችን የሥልጠና ደረጃ፣ ቅድመ ሁኔታና የሙያ መስክ ስለ መረዳት

የየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ ወላጆቻቸውን ያጡና አቅም ያነሳቸው ወጣቶች ሙያ ተምረው ራሳቸውን እንዲችሉ የሚያደርገው ድጋፍ የሚያስመሰግን ነው። ይህን ድጋፍ የሚመለከቱ ደብዳቤዎችና ቃለ ጉባኤዎች ወደ ፕሮጀክት ክፍላችን ሲደርሱ ግን፣ ብዙውን ጊዜ «ወጣቶቹ ኮሌጅ ገብተው እንዲማሩ ተወስኗል» ከሚል ዓረፍተ ነገር የዘለለ ዝርዝር አናገኝባቸውም። የትኛውን ሙያ? በየትኛው ደረጃ? ወደዚያ ደረጃ ለመግባት ምን መቅደም ይኖርበታል? ኮሌጁስ ሙያውን በዚህ ዓመት በእርግጥ ያሠለጥናልን? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሳይገኝ የሚከፈል ገንዘብ፣ ከምእመናን በሳንቲም ተጠራቅሞ የመጣ ገንዘብ ነውና፣ በከንቱ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳዝነው ደግሞ የወጣቱ ዕድሜ ነው። ሥልጠናውን ጨርሶ ቀጣሪ የሚቀበለው ማስረጃ ሳይዝ የሚመለስ ወጣት፣ ሁለተኛ ለመጀመር ጉልበቱም ተስፋውም ያንሰዋል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የአገራችን የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በምን ሥርዓት እንደ ተደራጀ፣ ደረጃዎቹ ምን ማለት እንደ ሆኑ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሸጋገር ምን እንደሚያስፈልግና ኮሌጆች የሙያ መስኮችን እንዴት እንደሚከፍቱ እናብራራለን። በመጨረሻም የሰበካ ጉባኤ አባላት ወጣትን ከማስመዝገባቸው በፊት ሊያደርጉት የሚገባውን እናመለክታለን።

ጉዳዩ ለምን ዛሬ አንገብጋቢ ሆነ?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በአዲስ መልክ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያልፈው ተማሪ ቁጥር ጥቂት ሆኗል። በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ዘንድ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆኑ። ከቀሩት ውስጥ ከፊሎቹ በሬሜዲያል ትምህርት በኩል ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድል ቢያገኙም፣ እጅግ የሚበዙት ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። በየደብሩ አጸድ ሥር የምናያቸው፣ በሰንበት ትምህርት ቤት የሚያገለግሉ፣ «ምን እንሥራ?» እያሉ አባቶችን የሚጠይቁ ወጣቶች ከእነዚህ መካከል ናቸው።

ለእነዚህ ወጣቶች ቅርብ የሆነው በር የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ነው። ይሁን እንጂ ኅብረተሰባችን ይህን በር «የወደቀ የሚገባበት» አድርጎ ስለሚያየው፣ ወጣቱ ያለ ምርጫ ይገባል፤ ያለ ምርጫ የገባበትን ደግሞ ሳይጨርስ ይተወዋል። አንድ ካህን ወይም የሰበካ ጉባኤ አባል የሥርዓቱን አካሄድ ዐውቆ ቢመክረው፣ ወጣቱ በሩን እንደ ውድቀት ምልክት ሳይሆን እንደ መንገድ መጀመሪያ ሊያየው ይችላል።

ከ«10+1» ወደ ደረጃ

ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የቀድሞውን አጠራር ነው። በ1990ዎቹ 10ኛ ክፍልን የጨረሰ ተማሪ በሥልጠናው ርዝመት መሠረት «10+1»፣ «10+2» ወይም «10+3» ተብሎ ይመረቅ ነበር። ያ አጠራር የሚናገረው ሠልጣኙ ስንት ዓመት በክፍል እንደ ተቀመጠ እንጂ ምን መሥራት እንደሚችል አልነበረም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ ይህን አሠራር ቀይሮ ሥልጠናው በውጤት ላይ እንዲመሠረት አደረገ። ከዚያ ወዲህ መለኪያው የዓመት ብዛት ሳይሆን ብቃት ሆነ፤ ብቃቱም በደረጃ ተከፈለ። አዋጅ ቁጥር 954/2008 ይህንኑ ዘርፍ በሕግ ያጸና ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም. የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሲቋቋም ዘርፉ ከሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ወደ እርሱ ተዛውሯል።

10ኛ ክፍል ላይ ይሰጥ የነበረው ብሔራዊ ፈተና ከቀረ ወዲህም ዋናው የመደበኛ ሥልጠና መግቢያ ከ12ኛ ክፍል በኋላ ሆኗል። ስለዚህ ታላቅ ወንድሙ በ10ኛ ክፍል ውጤት የገባበትን መንገድ ታናሽ ወንድሙ እንዳለ ይከተለዋል ብሎ ማሰብ አይገባም። «በእኛ ጊዜ እንዲህ ነበር» የሚለው ምክር፣ በቅን ልቡና ቢሰጥም፣ ወጣቱን ሊያሳስተው ይችላል።

አምስቱ ደረጃዎች ምን ይላሉ?

መደበኛው ሥልጠና ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 የተዘረጋ ነው። በአጭሩ እንዲህ ልንረዳው እንችላለን።

ደረጃ 1፦ ሠልጣኙ ቀላልና ተደጋጋሚ የሆኑ ሥራዎችን በቅርብ ተቆጣጣሪ ሥር ሆኖ ያከናውናል። መሣሪያዎችን በስማቸው ያውቃል፤ ራሱንና ባልደረባውን ከአደጋ ይጠብቃል፤ የታዘዘውን በትክክል ይፈጽማል።

ደረጃ 2፦ የሥራው ዓይነት ይሰፋል፤ ተቆጣጣሪውም ጥቂት ራቅ ይላል። ሠልጣኙ የተለመዱ ሥራዎችን በራሱ ያጠናቅቃል፤ ችግር ሲገጥመው ለበላይ ያሳውቃል።

ደረጃ 3፦ በተለምዶ «ባለሙያ» የምንለው የሚገኝበት ደረጃ ነው። ሥራውን በራሱ ያቅዳል፤ ብልሽትን ፈልጎ ያገኛል፤ የሥራውን ጥራት ራሱ ይመረምራል።

ደረጃ 4፦ ቴክኒሻን ነው። ከእጅ ሥራው በተጨማሪ ሌሎችን ይመራል፤ የሥራ ዝርዝርና ወጪን ያዘጋጃል፤ ከበድ ያሉ የቴክኒክ ችግሮችን ይፈታል።

ደረጃ 5፦ የአንድን የሥራ ክፍል አመራር፣ የንድፍና የአሠራር ማሻሻያ ኃላፊነትን የሚሸከም ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል። አንደኛ፣ ደረጃ ማለት የትምህርት ዓመት ማለት አይደለም። የአንድ ደረጃ ሥልጠና የሚለካው በሰዓት ሲሆን፣ ሰዓቱም እንደ ሙያው ይለያያል። ስለዚህ «ደረጃ 2 ስንት ዓመት ነው?» ብለን ከምንጠይቅ «የዚህ ሙያ ደረጃ 2 ስንት የሥልጠና ሰዓት አለው? በቀን ነው በማታ የሚሰጠው?» ብለን ብንጠይቅ እርግጠኛ መልስ እናገኛለን። ሁለተኛ፣ ሁሉም ሙያ ከደረጃ 1 ተነሥቶ ደረጃ 5 አይደርስም። አንዳንዱ ሙያ በደረጃ 2 ወይም 3 ያበቃል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከፍ ብሎ ይጀምራል።

ከፍ ሲልም ቅርንጫፍ የሚያወጣ ሙያ አለ። ለምሳሌ በኮምፒውተር ዘርፍ ለዓመታት ሲሠራበት በቆየው አከፋፈል፣ በታችኞቹ ደረጃዎች ሁሉም ሠልጣኝ «የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ድጋፍ» የሚባለውን አንድ ሙያ ይማራል። ከዚያ በላይ ሲደርስ አንዱ ወደ ሃርድዌርና ኔትወርክ፣ ሌላው ወደ ዌብና ዳታቤዝ ይለያያል። ታችኛውን ደረጃ የሚሰጥ ኮሌጅ ሁሉ ላይኛዎቹን ሁለቱንም ቅርንጫፎች ይሰጣል ማለት አይደለም። ወጣቷ ዳታቤዝ መማር ከፈለገችና ኮሌጁ የሚሰጠው ኔትወርክን ብቻ ከሆነ፣ ይህን ማወቅ ያለባት በመጀመሪያው ቀን ነው እንጂ ደረጃ 2ን ከጨረሰች በኋላ አይደለም።

ቅድመ ሁኔታ፦ ሦስት ዓይነት በር

«ቅድመ ሁኔታ» የሚለው ቃል በኮሌጅ አነጋገር ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ያመለክታል። ሳይለዩ መቅረታቸው ብዙ ግራ መጋባት ያመጣል።

የመጀመሪያው የመግቢያ መስፈርት ነው። ለመደበኛ ሥልጠና የሚያበቃው የትምህርት ማስረጃና የመቁረጫ ነጥብ በየዓመቱ ይወሰናል፤ በክልል፣ በጾታና በአካል ጉዳት ረገድም ልዩነት ይደረግበታል። ስለዚህ ያለፈው ዓመት ነጥብ ለዘንድሮ ማስረጃ አይሆንም። በዚህ ላይ አንዳንድ ሙያዎች የራሳቸው ተጨማሪ መስፈርት አላቸው። የጤና ሙያን ብንወስድ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት መሠረት ይጠየቅበታል፤ ሥልጠናውን የጨረሰ ባለሙያም ሥራ ለመጀመር የጤና ባለሙያነት ፈቃድ ማውጣት ይኖርበታል። ልጁን «ነርስ ይሁንልን» ብሎ ወደ ኮሌጅ ከመላክ በፊት ይህ ሁሉ ሊመዘን ይገባል።

ሁለተኛው በአንድ ደረጃ ውስጥ በትምህርቶቹ መካከል ያለው ቅደም ተከተል ነው። ለእያንዳንዱ ሙያ የተዘጋጀ የሙያ ደረጃ ሰነድ አለ። ሰነዱ ሙያውን በብቃት አሐዶች ይከፋፍለዋል፤ ኮሌጁም በእነዚህ ላይ ተመሥርቶ ሞጁል ያዘጋጃል። የሥራ ላይ ደኅንነትና የመለኪያ አጠቃቀም ሳይጨረስ ወደ ብየዳ አይኬድም፤ የኤሌክትሪክ መሠረታዊ ሕግ ሳይታወቅ መስመር አይዘረጋም። ከሙያው ሞጁሎች ጎን ለጎን እንደ ካይዘንና የሥራ ፈጠራ ያሉ ለብዙ ሙያዎች የጋራ የሆኑ ሞጁሎችም አሉ። ወጣቶች እነዚህን «ትርፍ ትምህርት» አድርገው ሲንቋቸው እንሰማለን፤ ነገር ግን አንድ ሞጁል ያልተጠናቀቀበት ሠልጣኝ ደረጃውን ጨረሰ አይባልም።

ሦስተኛው በደረጃዎች መካከል ያለው በር ነው። ከአንዱ ደረጃ ወደ ቀጣዩ ለማለፍ የኮሌጁን ትምህርት መጨረስ ብቻ አይበቃም፤ በዚያ ደረጃ የሙያ ብቃት ምዘና ተመዝኖ «ብቁ» መባል ያስፈልጋል። ብዙ ወጣት የሚቆመው በዚህኛው በር ላይ ስለሆነ ራሱን አስችለን እንመለስበታለን።

አባቶቻችን ይህ ሥርዓት እንግዳ ሊሆንባቸው አይገባም። የአብነት ትምህርታችን ከጥንት ጀምሮ በደረጃና በቅድመ ሁኔታ የቆመ ነው። ፊደል ለይቶ ንባብ ያላጸና፣ ዳዊት ያልደገመ ተማሪ ወደ ዜማ ቤት አይገባም፤ ጾመ ድጓውን ሳያጸና ድጓ አይቀጽልም፤ በቅኔ ቤት የግእዙን አገባብ ያልመረመረ ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤ ቢቀመጥ ጆሮው ይሰማል እንጂ ልቡናው አይከተልም። ሁሉም ትምህርት በሁሉም ቦታ አይገኝም፤ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ዙር አባ ይወርዳል፣ አቋቋም የፈለገ ወደ ጎንደር ያቀናል። በመጨረሻም ድጓውን በአንድ መምህር ዘንድ ጨርሶ የሚያስተምር ሰው ቤተ ልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። የራሱ መምህር «ዐውቋል» ማለቱ ብቻውን አይበቃም፤ የምስክሩ ቤት ሊመሰክርለት ይገባል። ኮሌጁን እንደ ጉባኤ ቤት፣ የብቃት ምዘናውን እንደ ምስክር ቤት ብንመለከተው ነገሩ ይቀለናል።

የሙያ ብቃት ምዘና

በወጣቶች አነጋገር «ሲኦሲ» የሚባለው ይህ ምዘና ነው። ምዘናውን የሚሰጠው ያሠለጠነው ኮሌጅ ሳይሆን ለዚሁ የተቋቋመ የመንግሥት አካል ነው። መዛኞቹም ከኢንዱስትሪው ጭምር የሚመጡ ባለሙያዎች ናቸው። ምዘናው ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ የዕውቀት ፈተና፣ ሁለተኛው የተግባር ፈተና ነው። ሠልጣኙ በሁለቱም ብቁ ሆኖ መገኘት አለበት። በጽሑፍ ጎብዞ በእጁ መሥራት ያቃተው፣ ወይም በእጁ ሠርቶ የዕውቀት ፈተናውን ያላለፈ፣ የብቃት ማረጋገጫ አያገኝም። ያልሆነለት ግን የወደቀ ተብሎ አይዘጋበትም፤ «ገና ብቁ ያልሆነ» ተብሎ፣ የጎደለውን ሞልቶ እንደ ገና ሊመዘን ይችላል።

ከዚህ የሚከተለው ትልቅ ቁም ነገር ይህ ነው፦ የኮሌጅ የምረቃ ወረቀትና የብቃት ማረጋገጫ ሁለት የተለያዩ ማስረጃዎች ናቸው። ቀጣሪዎች የሚጠይቁት፣ ወደ ቀጣዩ ደረጃ የሚያሻግረው፣ ደረጃ 4ን ጨርሶ በዲግሪ መቀጠል ለሚሻም የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው። በካባና በፎቶግራፍ የተከበረ ምርቃት የብቃት ማረጋገጫ ከሌለው በግማሽ መንገድ የቆመ ጉዞ ነው። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤ ለወጣቱ የሚመድበው በጀት ከምዘናው ክፍያ በፊት ሊያልቅ አይገባም። የሁለት ዓመት ወጪ ተሸክሞ የመጨረሻዋን የምዘና ክፍያ ማጣት፣ ቤት ሠርቶ ክዳኑን እንደ መተው ነው።

ለተግባር ፈተና የሚያዘጋጀው ደግሞ የትብብር ሥልጠና ነው። ፖሊሲው ከሥልጠናው 70 በመቶው በእውነተኛ የሥራ ቦታ፣ 30 በመቶው በኮሌጁ እንዲሆን ይፈልጋል። በተግባር ግን ሠልጣኞችን የሚቀበል ጋራዥ፣ የእንጨት ሥራ ቤት፣ ሆቴል ወይም የግንባታ ድርጅት ማግኘት ብዙ ጊዜ ይከብዳል። እዚህ ላይ ሰበካ ጉባኤ ያለው ሀብት ገንዘብ ብቻ አይደለም። በየአጥቢያው ጋራዥ ያላቸው፣ ሥራ ተቋራጭ የሆኑ፣ የልብስ ስፌት ቤት የከፈቱ ምእመናን አሉ። አንድ ቄስ ለንስሐ ልጁ «እነዚህን ሁለት ልጆች ለጥቂት ወራት ተቀበልልን» ቢለው፣ ከብዙ ሺህ ብር የበለጠ ድጋፍ ሊሆን ይችላል።

ኮሌጁ ምን ምን ያሠለጥናል?

የቴክኒክና ሙያ ተቋማት በብዙ ዘርፎች ያሠለጥናሉ፤ በማኑፋክቸሪንግ፣ በግንባታ፣ በግብርና፣ በጨርቃ ጨርቅና አልባሳት፣ በሆቴልና ቱሪዝም፣ በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ፣ በንግድ ሥራና በጤና። ይሁን እንጂ ተቋማቱ እኩል አይደሉም። አነስተኛ ማሠልጠኛዎች በታችኞቹ ደረጃዎች ላይ ያተኩራሉ፤ ኮሌጆች ወደ መካከለኞቹ ይደርሳሉ፤ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጆች ደግሞ እስከ ላይኞቹ ደረጃዎች ይዘልቃሉ። በአዲስ አበባ በ1930ዎቹ የተመሠረተው ተግባረ ዕድ፣ ጄኔራል ዊንጌትና እንጦጦ በፖሊ ቴክኒክነት ይታወቃሉ። እንደ አላጌ፣ አጋርፋና አርዳይታ ያሉት በግብርና ላይ የቆሙ ናቸው። ጤና የሚሰጠው በዋናነት በጤና ሳይንስ ኮሌጆች ነው። እርሻ የሚወድ ልጅ ቅርብ ስለሆነ ብቻ የሒሳብ አያያዝ እንዲማር መላክ፣ ቅኔ የፈለገን ተማሪ ዜማ ቤት እንደ ማስቀመጥ ነው።

በኮሌጁ በር ላይ በትልቁ የተጻፈው የሙያ ዝርዝርና በዘንድሮው ዓመት በእርግጥ የሚከፈተው ሥልጠና አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። አንድ ሙያ ሊከፈት የሚችለው አሠልጣኝ፣ ወርክሾፕ፣ የመለማመጃ ዕቃና በቂ ተመዝጋቢ ሲኖር ነው። ተመዝጋቢ ካነሰ ወጣቱ «ወደ ሌላ ክፍል ተዛወር» ይባላል፤ ያልመረጠውንም ሙያ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ከክፍያ በፊት «ባለፈው ዓመት ይህን ሙያ በዚህ ደረጃ አሠልጥናችኋልን? ስንቱ ተመዝነው ብቁ ሆኑ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ጥሩ ኮሌጅ ለዚህ ጥያቄ ደስ እያለው ይመልሳል።

በግል ተቋማት ረገድ ጥንቃቄው የበለጠ ነው። የዕውቅና ፈቃድ የሚሰጠው ለተቋሙ በጅምላ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ሙያ፣ ለእያንዳንዱ ደረጃና ለእያንዳንዱ ካምፓስ ተለይቶ ነው። አንድ ተቋም በሆቴል ሥራ ደረጃ 2 ፈቃድ ስላለው ደረጃ 4ንም ያሠለጥናል ማለት አይቻልም፤ በአንድ ከተማ ያለው ፈቃድም በሌላ ከተማ ለከፈተው ቅርንጫፍ አያገለግልም። ፈቃዱ የሚታደስበት ጊዜም አለው። ሰነዱን ማየት፣ ጥርጣሬ ካለም ፈቃዱን ከሰጠው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ማረጋገጥ ይገባል። ፈቃድ በሌለው ደረጃ የሠለጠነ ወጣት ያን ማስረጃ ይዞ ወደ ምዘና መቅረብ እንደሚቸገር መዘንጋት የለበትም።

በመስክ ምርጫ ላይ ሴት ልጆቻችንን በተመለከተ አንድ ነገር እንጨምር። ሰበካ ጉባኤያት ሴቶችን ሲደግፉ ብዙውን ጊዜ ወደ ልብስ ስፌት፣ ወደ ጸጉር ሥራና ወደ ምግብ ዝግጅት ብቻ ይመሯቸዋል። እነዚህ የተከበሩ ሙያዎች ናቸው፤ ነገር ግን በአንድ ከተማ ሁሉም አንድ ዓይነት ከሠለጠነ ገበያው ይጠባል። በኤሌክትሪክ፣ በቅየሳ፣ በተሽከርካሪ ጥገና ዝንባሌ ያላት ልጅ በደፋር መካሪ ብትታገዝ፣ ተወዳዳሪ በማይበዛበት መስክ ራሷን ልትችል ትችላለች።

የትምህርት ሰነድ የሌላቸው ወጣቶች

በአድባራትና በገዳማት ዙሪያ የሚኖሩ የአብነት ተማሪዎችን ብንመለከት፣ ብዙዎቹ የዘመናዊ ትምህርት ማስረጃ የላቸውም። «ኮሌጅ ለእነዚህ አይሆንም» ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። ሥርዓቱ ሁለት መንገዶችን ክፍት አድርጎላቸዋል።

አንደኛው አጫጭር ሥልጠና ነው። ኮሌጆች ከመደበኛው ውጭ ለኅብረተሰቡ በግንበኝነት፣ በልብስ ስፌት፣ በምግብ ዝግጅት፣ በንብ እርባታና በመሳሰሉት የአጭር ጊዜ ሥልጠና ይሰጣሉ። ለዚህ የሚጠየቀው የትምህርት ደረጃ ከመደበኛው ዝቅ ያለ ነው፤ በጉባኤ ቤት ለሚውል ተማሪ ከትምህርቱ ሳይለይ በክረምት ወይም በሳምንቱ መጨረሻ እንዲሆን ከኮሌጁ ጋር መነጋገር ይቻላል።

ሁለተኛው ቀድሞ የተገኘ ክህሎት የሚመዘንበት መንገድ ነው። የ2000 ዓ.ም. ስትራቴጂ የብቃት ምዘናን በኮሌጅ ለሠለጠነ ብቻ አልወሰነውም፤ ሙያውን በሥራ ላይ ወይም ከቤተሰቡ ለተማረ ሰውም ከፍቶታል። በየገዳሙ በአናጢነት፣ በግንበኝነት፣ በስፌት እጃቸው የተፈተነ መነኮሳትና ደቀ መዛሙርት አሉ። ለዓመታት የሠሩትን ሥራ አስመዝነው በሚመጥናቸው ደረጃ ማረጋገጫ ሊያገኙ ይችላሉ። የሚጎድላቸው ብዙ ጊዜ የዕውቀት ፈተናው ነውና፣ ሰበካ ጉባኤው ከኮሌጅ አንድ አሠልጣኝ ለምኖ ለጥቂት ሳምንታት ቢያዘጋጃቸው ትልቅ አገልግሎት ይሆናል።

ሰበካ ጉባኤ ምን ያድርግ?

ከላይ ያልነውን በተግባር ለማዋል የሚከተለውን አካሄድ እንመክራለን።

1. በቅድሚያ ወጣቱን ራሱን መጠየቅ። የትኛውን ሥራ ይወዳል? ጤናው ይፈቅድለታል? ከፍታ የሚያስፈራውን በግንባታ፣ ዐይኑ የሚደክመውን በጥልፍ ማሠልጠን ጉዳት ነው። የሚቻል ከሆነ ሙያውን ከሚሠራ ምእመን ጋር አንድ ሳምንት እንዲውል ማድረግ።

2. የትምህርት ማስረጃውን ከዘንድሮው የመግቢያ መስፈርት ጋር ማስተያየት። ለዚህ በወረዳው ወይም በክፍለ ከተማው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት መሄድ ይበቃል።

3. ሁለት ሰው ወደ ኮሌጁ መላክ። ቢሮውን ብቻ ሳይሆን ወርክሾፑን ያዩ። ማሽኖቹ ይሠራሉን? ሠልጣኞች ሲለማመዱ ይታያሉን? አቧራ የለበሰ ማሽን ብዙ ይናገራል።

4. ሦስቱን ጥያቄዎች በጽሑፍ ማስመለስ፦ ሙያውና ደረጃው ምንድን ነው? ከእርሱ በፊት ምን መጠናቀቅ አለበት? ከእርሱ በኋላስ በዚሁ ኮሌጅ የሚቀጥል ደረጃ አለን?

5. በጀቱን በሙሉ ማስላት። የኮሌጁ ክፍያ ብቻውን ወጪ አይደለም። የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ ወደ ትብብር ሥልጠና ቦታ የሚወስድ ትራንስፖርት፣ የሥራ ልብስና የደኅንነት ጫማ፣ የምዘና ክፍያ፣ ከተቻለም ሲመረቅ ሥራ የሚጀምርበት የመሣሪያ ሣጥን በዝርዝሩ ይግቡ።

6. ድጋፉን በደረጃ መስጠት። «እስከ መጨረሻው እናስተምርሃለን» ብሎ ከመጀመር ይልቅ፣ ለአንድ ደረጃ መድቦ የብቃት ማረጋገጫው ሲመጣ ለቀጣዩ መወሰን ይሻላል። ይህ አሠራር ወጣቱን ያተጋል፤ ጉባኤውንም ከማይፈጽመው ተስፋ ይጠብቃል። ደግሞም ወጣቱ በደረጃ 2 ማረጋገጫ ሥራ ጀምሮ፣ እየሠራ በማታ ደረጃ 3ን ቢቀጥል የጉባኤው ገንዘብ ለሌላ ይተርፋል።

7. አንድ ተከታታይ መመደብ። ከጉባኤው አባላት አንዱ በየወሩ ወጣቱን ይጠይቀው፤ ያልተጠናቀቀ ሞጁል ካለበት ገና በጊዜው ይታወቅ። ሠልጣኞች የሚያቋርጡት ብዙ ጊዜ ትምህርቱ ከብዷቸው ሳይሆን የኪራይ ቀን ሲደርስ የሚጠይቃቸው አጥተው ነው።

በቃለ ጉባኤ ላይ ሲጻፍም ውሳኔው እንዲህ ቢሆን ይመረጣል፦ «የደብራችን አገልጋይ የሆነችው ወጣት በሕንፃ ኤሌክትሪክ ሥራ በደረጃ 2 እንድትሠለጥን፣ የምዘና ክፍያን ጨምሮ ለአንድ ደረጃ የሚያስፈልገው ወጪ እንዲሸፈን፣ የብቃት ማረጋገጫዋን ስታቀርብም ለቀጣዩ ደረጃ ጉዳዩ እንደ ገና እንዲታይ ተወስኗል።» እንዲህ ያለ ውሳኔ ለመከታተልም ለመመዘንም ይመቻል። ድጋፍ ለማግኘት ወደ ፕሮጀክት ክፍላችን ሲላክም ያለ ተጨማሪ ጥያቄ ሊታይ የሚችል ይሆናል።

ሙያ ያለ ወረቀት፣ ወረቀትም ያለ ሙያ ለወጣቱ ሙሉ እንጀራ አይሆንለትም። ሁለቱን የሚያገናኘው መንገድ በደረጃ የተሠራ ነው፤ ደረጃ ደግሞ በእግር እንጂ በዝላይ አይወጣም። የምዝገባው ወቅት ሳይደርስ በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ አጀንዳ ላይ ይህ ጉዳይ እንዲሰፍር፣ በአጥቢያው ያሉ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞችና የአብነት ተማሪዎች ስም ዝርዝርም ከወዲሁ እንዲያዝ አደራ እንላለን።